ለአንጋፋው የተረፈችው ዓይን

መጋቢት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.
አምቦ

ለምወድሽ ለእህቴ ልጅ ለለንሳ፣

አካም ጅርታ? እንዴት ከርመሻል? ባልሽ ተድላስ ደህና ነው? የድሬዳዋ ሙቀት አቅልጦ ካልጨረሳችሁ ይህ ወረቀት በጤና ያገኛችኋል ብዬ አምናለሁ። እኛ ጋ ከሰዓት በኋላ ደመናው እየመጣ ያስፈራራንና ምንም ሳያወርድ ይሄዳል። ሚስቴ አስካለች ደህና ናት፣ ስትቆጣኝ ነው የምትውለው። እኔም ደህና ነኝ። ደህንነቴ ምን ያህል እንደሆነ ግን እስከ መጨረሻው አንብበሽ ራስሽ ፍረጂ።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ምን ነካው ትዪ ይሆናል። ነገሩ ቀላል ነው። አንቺ በየእሑዱ ለእናትሽ ትደውያለሽ። እናትሽ ከቸርች መልስ ወንበሯን ጥላው ሥር አውጥታ፣ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ የጎረቤት ፍየል የበላችውን ጎመን ሳይቀር ዘርዝራ ታወራሻለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ተራዬን እጠብቃለሁ። በመጨረሻ "ይኸው አጎትሽን አናግሪው" ብላ ስትሰጠኝ ወይ ካርድሽ ያልቃል፣ ወይ ተድላ ይጠራሻል። ባለፈው ያገኘሁት "ሄሎ ኤሱማ፣ እንዴት..." የሚለውን ብቻ ነው። የቀረውን ራሴ ጠይቄ ራሴ መለስኩ። ስለዚህ ማንም ከእጄ የማይወስድብኝ ነገር ልጻፍ ብዬ ተነሳሁ። ጎረቤታችን ሰይፈዲን፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው፣ እናቱን ሊጠይቅ ወደ እናንተ ስለሚመጣ በእሱ እጅ ልኬልሻለሁ። የቅናት ደብዳቤ ነው ብትዪኝ አልከራከርሽም።

ከሁሉ በፊት አንድ ቃል ግቢልኝ። ለፋሲካ ስትመጡ መጀመሪያ የምትገቡት እኔ ቤት ነው። ሻንጣችሁን እኔ ጋ ታወርዳላችሁ፣ ምሳ እኔ ጋ ትበላላችሁ፣ ከዚያ በኋላ አጥሩን ዞራችሁ ወደ እናትሽ ትሄዳላችሁ። ምክንያቱን አንቺ ታውቂዋለሽ። ተድላ ግን የኛን ወግ ስለማያውቅ ቀጥሎ ያለውን ጮክ ብለሽ አንብቢለት።

እናትሽ ኡርጌ በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች፣ እሺ። በኛ ዘንድ ግን አንጋፋ የሚባለው የቤቱ የመጀመሪያ ወንድ ልጅ ነው። ስለዚህ በትውልድ አገራችን በደንዲ፣ በአባቴ ቤት መጀመሪያ የሚቆረስልኝ፣ መጀመሪያ ወተት የሚቀዳልኝ እኔ ነበርኩ፤ እሷ ቆማ ታያለች። እናታችን "ታላቅህ ናት፣ እቴቴ በላት" እያለች በአርጩሜ ብትመክረኝም አንድ ቀን ብያት አላውቅም። ኡርጌ ብያት አደግሁ፣ ኡርጌ ብያት አረጀሁ።

"ታዲያ ሁሉም ላንተ ከተሰጠ ምን ያስቀናሃል?" ይል ይሆናል ተድላ። ሲንቄ አልተሰጠኝማ። ሴት ልጅ ስትዳር እናቷ ቀጥ ያለች ቀጭን በትር ቅቤ ቀብታ ታስይዛታለች፤ ሲንቄ የምትባለው እሷ ናት። ከብት አትነዳም፣ ሰው አትመታም። ነገር ግን ያገባች ሴት በትሯን ይዛ መንገድ ላይ ከቆመች ወንድ የተባለ አያልፋትም። ጦር የያዙ ሁለት ጎሳዎች እንኳ ይቆማሉ። ኡርጌ ስትዳር እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ በትሯን ስትሰጣት አይቼ "ለኔስ?" አልኩ። ሳቁብኝ። መሬት ላይ ተንከባልዬ አለቀስኩ። አባቴ መጥቶ "አንተ ሞኝ፣ መሬቱ በሙሉ ያንተ አይደለም ወይ? ለእሷ አንዲት እንጨት ብትደርሳት ምን አለ?" ቢለኝ፣ "መሬቱን ውሰዱትና እንጨቷን ስጡኝ" አልኩት። ይህን የሰማ የሠርግ ሰው ሁሉ ዛሬም ባገኘኝ ቁጥር ያነሳብኛል፤ ደግነቱ አብዛኞቹ ሞተዋል።

አሁን ወደ ሕመሙ ልምጣ። አንቺ የምታውቂው እናትሽ በእሑድ ስልክ የነገረችሽን ነው፤ እሷ ደግሞ ሙሉውን አትናገርም።

አምና በግንቦት ኡርጌን ራሷን ያማት ጀመር። ፀጉሯን ማበጠሪያ ሲነካው ትጮኻለች። ትከሻዋ ተይዞ ሻሽ ማሰር አቃታት። ቆሎ ስትቆረጥም መሐል ላይ መንጋጋዋ ይደክማትና ታቆማለች። ጥርሴ ነው ብላ አስነቀለች፤ የተነቀለው ጥርስ ጤነኛ ነበር። ከስታ ከስታ ቀሚሷ ሌላ ሰው የሚያስገባ ሲሆን ሆስፒታል ወሰድኳት። ዶክተር ትንሳኤ የምትባል፣ ያንቺ እኩያ የምትሆን ልጅ ናት ያየቻት። ከጆሮዋ በላይ ግንባሯ ዳር ያለውን የደም ሥር በጣቷ ዳበሰችው።

"እማማ፣ ሲያኝኩ ምን ይሰማዎታል?"

"መንጋጋዬ እንደ ለገመ በሬ ትልም መሐል ላይ ይቆማል፣ ልጄ።"

ደሟ ታየ። በሽታው የደም ሥር መቆጣት ሆነ፤ ስሙ ጃያንት ሴል አርተራይቲስ ይባላል። ቤት ገብቼ መዝገበ ቃላቴን ባይ ጃያንት ማለት ግዙፍ ማለት ነው። እኔ በስልሳ ስድስት ዓመቴ ከሆድ ቁርጠት በቀር ስም ያለው በሽታ ይዞኝ አያውቅም፤ ኡርጌ በመጀመሪያ ሙከራዋ ግዙፍ አገኘች። እዚያው ክፍል ውስጥ ዶክተሯን "ማንን ነው የሚይዘው?" ብዬ ጠየቅኳት። "ሃምሳን ያለፈ ሰው ነው። ሴቶች ላይ ይበዛል፤ ለአንድ ወንድ ሁለት ሦስት ሴት ብትሉ ነው" አለችኝ።

ይቺን እንደሰማሁ ተነስቼ ወጣሁ። ውጭ ኦቦ ኢብሳና ሌሎቹ የሠፈራችን ሽማግሌዎች ተቀምጠው ወሬ ይጠብቁ ነበር፣ እኔም ደህና ቀልድ አግኝቻለሁ። "ወንዶች፣ ተረጋጉ፣ የሴት በሽታ ነው" አልኳቸው። ሳቁ። ኡርጌ ግን ውስጥ ቀርታ ዶክተሯ የቀጠለችውን ሰማች። ምን እንደሰማች በቦታው እነግርሻለሁ።

ክኒኑ ፕሬድኒሶሎን ይባላል። በጀመረችው በሦስተኛው ቀን ፀጉሯን አበጠረች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየ ሰው በሽታ ይመኛል። አገር ምድሩ እሷን ጠያቂ ሆነ። ከሸነን፣ ከጊንጪ፣ ከጉደር መጡ። የቸርች ሴቶች በየተራ ሾርባ ያመላልሱላት ጀመር። መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎት ስለሚጨምር ፊቷ ሞላ፣ ክብ ሆነ፣ ጉንጯ ቀላ። ጠያቂው ሁሉ "ኡርጌ፣ እንዴት አምሮብሻል፣ ልጃገረድ መሰልሽ" ይላታል። እኔ እዚያው ተቀምጬ፣ ጤነኛው፣ የደረቅኩት፣ የዘመድ ማሠሪያ አንጋፋው፣ ወንበር እንዳቀብል እታዘዛለሁ።

ታዲያ ምን ላድርግ? አንድ ቀን የእሷ ጠያቂዎች ሲመጡ ጭንቅላቴን በነጠላዋ ጠምጥሜ መደቡ ላይ ተጋድሜ ጠበቅኳቸው። "እኔንም ጠይቁኝ፣ ቅናት ይዞኛል፤ እሱም የደም ሥር ነው" አልኳቸው። ብርቱካን ይዘው የመጡት ሴትዮ እየሳቁ አንዱን ለኔ ሰጡኝ። ስለ ተሳካልኝ ደጋገምኩት፤ አንዳንዴ ትከሻዬን፣ አንዳንዴ መንጋጋዬን አመመኝ እላለሁ። አስካለች "አንተ ሰውዬ፣ የምትጫወትበት ነገር አንድ ቀን ይጫወትብሃል" ብላኝ ነበር። ሚስት የምትለው ነገር ትክክል መሆኑ የሚታወቀው ከረፈደ ነው።

ታኅሣሥ ላይ ሰዓት በምጠግንበት ሱቄ ውስጥ አንድ የሴት ሰዓት ፈትቼ ነበር። እንደምታውቂው ማጉያዋን የምሰካው ግራ ዓይኔ ላይ ነው። ድንገት ከላይ ወደ ታች ጨለመብኝ፣ መጋረጃ እንደወረደ። ማጉያዋን አውልቄ በሸሚዜ ጠረግኳት፣ ተነፈስኩባት፣ መልሼ ሰካኋት። ትንሽ ቆይቶ ብርሃኑ ተመለሰ። መስታወቷ ቆሽሻለች አልኩ። በሌላ ቀን ማጉያ ሳልይዝ መንገድ ላይ ደገመኝ። አቧራ ነው አልኩ። ኢብሳ ቤት ሥጋ ስንበላ መንጋጋዬ ሲዝል፣ በሬው አርጅቶ ነው የታረደው ብዬ ኢብሳን አስቀየምኩት። ራሴን ቢያመኝ ኖሮ ምናልባት እጠረጥር ነበር። አላመመኝም። ትከሻዬም እንደ ወጣት ይሽከረከራል። ደግሞስ ለማን ልናገር? "የሴት በሽታ" ብዬ ከተማውን ያሳቅኩት እኔ ነኝ። ሰባት ወር ታመምኩ እያልኩ የቀለድኩትም እኔው ነኝ። ብናገር ብርቱካን ይሰጡኛል እንጂ ማን ያምነኛል?

ጥር ላይ ደጋ ላይ ካለችው ከጎጆ ከተማ ኦቦ ሞቱማ ልጁን ሊድር ሆነና ከሁሉ በፊት ቆሜ እንድመርቅ ጠራኝ። ለንሳ፣ ያቺን ቀን እንዴት እንደጠበቅኳት። ኡርጌ ወራት ሙሉ ስትከበር የከረመችውን በአንድ ቀን የማካክስባት ቀን ነበረች። የዚያን ቀን ማለዳ ስነሳ ግራ ዓይኔ የለም። የጎጆ ጉም ገብቶ የቀረበት ይመስል ነበር፣ ግራጫ፣ ቅርጽ የሌለው። አሸሁት። በውሃ ታጠብኩት። አልተመለሰም። ቀኙ ስላለ ልብሴን ለብሼ ጋቢዬን ደረብኩና ለማንም ሳልናገር ወጣሁ።

ሚኒባሱ መጥቶ በር ላይ ቆመ። ኢብሳና ሌሎቹ ሽማግሌዎች ግቢ ገብተው ሳለ አስካለች አምቦ ውሃና ብርጭቆ በትሪ አወጣች። አስተናጋጁ እኔ ነኝና ለኢብሳ ልቀዳ ጠርሙሱን አዘነበልኩ። ውሃው ከብርጭቆው ጎን አልፎ ጫማው ላይ ወረደ። በአንድ ዓይን ብርጭቆ የት እንዳለ እንደማይታወቅ ያን ጊዜ ገባኝ። ሰዎቹ ሳቁ። "ፉፋ ሠርጉ ሳይደርስ ሰከረ" አለ ሾፌሩ ሞቲ።

ልትሸኘን የመጣችው ኡርጌ አልሳቀችም። መጥታ ፊቴ ቆመች።

"ፉፋ፣ ቁም።" ቀኝ ዓይኔን በመዳፏ ከደነችው። "ምን ይዣለሁ?"

"መጽሐፍ ቅዱስሽን ነዋ። አንቺ ሌላ ምን ትይዢያለሽ?"

መዳፏን አነሳች። ሌላው እጇ አፍንጫዬ ሥር ተዘርግቶ ነበር፣ ባዶውን።

"ሆስፒታል እንሄዳለን" አለችኝ።

"ከጎጆ ስመለስ።"

"አሁን።"

"ኡርጌ፣ ያ የሴት በሽታ ነው። አንቺን ቢበቃሽ ምናለ?"

"አንተ ወጥተህ ስትስቅ ዶክተሯ ምን እንዳለች ልንገርህ?"

"ስመለስ ትነግሪኛለሽ። ሰው ይጠብቀኛል" ብያት ወደ መኪናው ሄድኩ። ዞራ ወደ ቤቷ ስትገባ አየኋት። ተሸነፈች ብዬ ደስ አለኝ። በምርቃቴ ቀናች ደግሞ አልኩ፣ ለራሴ።

አንድ እግሬ ሚኒባሱ ላይ ሳለ ሞቲ ሞተሩን አጠፋ። ቀና ብል ኡርጌ የግቢው መውጫ ላይ፣ ከመኪናው ፊት ቆማለች። ሲንቄዋን ይዛለች። ቸርች ከገባች ወዲህ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ አውጥታት የማታውቃትን፣ እኔ እንኳ ለመጋረጃ መስቀያ ያደረገቻት መስሎኝ የነበረችውን በትር። ትከሻዋ እንደ ልቧ ስለማይሆንላት በሁለት እጇ ደገፍ አድርጋ ይዛታለች። ያቺ ያለቀስኩላት እንጨት ከስንት ዘመን በኋላ መጥታ እኔኑ አገደችኝ።

መጀመሪያ የወረደው ኢብሳ ነው።

"ፉፋ፣ ውረድ።"

"ሠርጉስ፣ ኢብሳ?"

"ይህን አልፌ የምመርቀው ሠርግ የለም። ውረድ ብዬሃለሁ።"

ሁሉም ወረዱ። የሠርግ ልብስ እንደለበስን፣ ሽማግሌዎቹን አስከትዬ ሆስፒታል ገባሁ። ዶክተር ትንሳኤ "መቼ ጀመረዎት አባባ?" ስትለኝ "ዛሬ ጠዋት" አልኩ። ኡርጌ አየችኝ። "ከታኅሣሥ ጀምሮ" አልኩ።

ያን ጊዜ ነው በራሴ ጆሮ የሰማሁት፣ አምና በቀልዴ ምክንያት ያመለጠኝን። "ወንዶች ላይ ቁጥሩ ያንሳል። ነገር ግን የተወሰኑ ጥናቶች እንደሚሉት ወንድ ላይ የራስ ምታቱና የትከሻው ሕመም ቀለል ብሎ ዓይንን የመጉዳት ነገሩ ይብሳል። ጥናቱ ሁሉ በዚህ አይስማማም። እኔ ግን ለእህትዎ በቤተሰብ አንዳንዴ ስለሚታይ ወንድሞች ካሉ ዓይናቸውን ይጠብቁ ብያቸው ነበር።" ግራው እንደማይመለስ ነገረችኝ። ቀኙን ለማትረፍ መድኃኒቱ ያኔውኑ መጀመር ነበረበት፤ ቀን ቢያልፍ ኖሮ እሱም ይከተል ነበር አለች።

ፍርዱን እይልኝ ለንሳ። ለእሷ ራስ ምታት፣ መንጋጋ፣ ትከሻ፣ ወራት የፈጀ ማስጠንቀቂያ፣ የሚጠየቅና የሚወራለት በሽታ። ለኔ ለአንጋፋው ድምፅ የሌለው፣ ሹልክ ብሎ ገብቶ ዓይን ይዞ የሚወጣ ሌባ። በበሽታ እንኳ ትልቁን ድርሻ እሷ ወሰደች።

የመጀመሪያዎቹን ክኒኖች ከሆስፒታል ሰጡኝ። የቀረውን ከውጭ ግዙ ተባልን። በእነዚያ ቀናት መንገድ ተዘግቶ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዕቃ ስላልነበረ አስካለች ከፋርማሲ ፋርማሲ ዞራ ባዶ እጇን ተመለሰች። ኡርጌ በቦርሳዋ ይዛ መጣች። "እኔ ጋ ትርፍ አለ፣ ሳስመጣ ብዙ ነው የገዛሁት" አለች። እኔም "በሽታሽን አውርሰሽኝ ነበር፣ አሁን ደግሞ መድኃኒትሽን" ብያት ዋጥኩ። ምስጋና የሚባል ነገር ከአፌ አልወጣም። መንገዱ ሲከፈት አዲስ አበባ ሄደን ከግንባሬ ዳር የደም ሥር ቁራጭ ወስደው መረመሩ፤ ያው ግዙፉ ሆኖ ተገኘ።

ስመለስ ተራዬ ደርሶ ጠያቂ መጣልኝ። በትራስ ተደግፌ፣ ግራ ዓይኔን ሸፍኜ እንደ ንጉሥ ተቀመጥኩ። ጠያቂው "እግዜር ይማርህ" ይልና ወዲያው ጠጋ ብሎ "ኡርጌ በትሯን እንዴት አወጣችው? እስቲ ንገረን" ይላል። በገዛ ሕመሜ አልጋ ላይ የእሷን ጀግንነት ስተርክ ዋልኩ። የቸርች ሴቶች መጥተው "እህት ኡርጌ፣ ይህ የድሮው ነገር አይደለም ወይ?" ብለዋት ነበር። "ሙሴም በትር ነበረው። ባሕሩ ሲከፈል ማንም የድሮ ነው አላለውም" አለቻቸው። ይህን እንኳ እኔ ብለው ምን ነበረበት?

የካቲት ላይ የእሷ ሕመም ተመለሰ። ራሷ፣ ትከሻዋ፣ ሁሉም። ዶክተሯ "ሴቶች ላይ መመለሱ ይበዛል፣ መድኃኒቱም ይረዝማል" ብላ ክኒኑን ከፍ አደረገችባት። ኡርጌ "አዎ፣ የሴት ነገር ነው" አለችና ወደ መስኮቱ ዞረች። የኔ ክኒን በዚያው ወር መቀነስ ጀመረ። እሑድ አብረን ስንውጥ የኔን ጥቂት ፍሬ አይታ "አንተስ አለፈልህ" አለችኝ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ኡርጌ ቀናችብኝ። ላንቺ አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ።

ከዚያ ወደ ሱቅ ተመለስኩ። ማጉያዋን በቀኝ ዓይኔ መስካት እየተለማመድኩ ነው፤ ፊቴ እንደ አዲስ ሙሽራ ይጨማደዳል። የሰዓት ብሎኖች ጥቃቅን ስለሆኑ እንዳይጠፉብኝ ባዶ የክኒን ማሸጊያ ጉድጓዶች ውስጥ ነው የማስቀምጣቸው፣ ስመጣ ስሄድ ኪሴ ውስጥ የቀሩትን ሁሉ መሳቢያዬ ውስጥ አጠራቅማለሁ። ባለፈው ሳምንት ማሸጊያዎቹን ደርድሬ ሳለ አንድ ነገር አየሁ። ከፊሎቹ ጫፋቸው ሹል ነው፣ እንደ ተገዙ። መንገዱ ተዘግቶ ሳለ የወሰድኳቸው ግን አራቱም ጫፋቸው በመቀስ ተቆርጦ ክብ ሆኗል። አንቺ ታውቂያለሽ ማን እንዲህ እንደሚያደርግ። እናትሽ ክኒኗን የመጽሐፍ ቅዱሷ ቦርሳ ውስጥ ስለምትይዝ፣ ሹሉ ጫፍ ገጹን እንዳይቀድባት በየቀኑ የምትወስደውን ብቻ ጫፉን ክብ አድርጋ ትቆርጣለች። ትርፍ የሆነ ነገር ማን ጫፉን ይቆርጣል?

ቤት ሄጄ አስካለችን ጠየቅኳት። መጀመሪያ "ምን አውቃለሁ" አለች። ሳፈጥጥባት፣ በአንድ ዓይን ሲያፈጡ ይበልጥ ያስፈራል መሰለኝ፣ ተናገረች። "ትርፍ አልነበራትም። መንገዱ እስኪከፈት እሷ ሳትውጥ ነው የከረመችው። እንዳትነግሪው፣ ካወቀ አይውጥም ብላ አስማለችኝ።" ያን ክኒን በድንገት ማቋረጥ ሰውን ሊጥል እንደሚችል ዶክተሯ ለሁለታችንም ደጋግማ ነግራናለች። ኡርጌ ሰምታ ነው ያቋረጠችው። ሲመለስባት ደግሞ የሴት ነገር ነው ብላ በዶክተሯ ቃል ተሸፈነች። እኔም አምኛት ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ።

ለንሳ፣ ይህን ማወቄን አትንገሪያት። እንዳወቅኩ ከሰማች ቀልዴን ሁሉ በአንድ እጇ ትቀማኛለች፣ ሌላ ምን ይቀረኛል? ለዶክተር ትንሳኤ ግን ትናንት ለብቻዬ ሄጄ ተናግሬያለሁ፤ ልታውቀው የሚገባ እሷ ናትና። ኡርጌን በሰበብ ጠርታ ትከታተላታለች።

እናትሽ በየጠዋቱ አጥሩ ጋ መጥታ ትቆማለች። አንድ ነገር ከፍ ታደርግና "ምን ይዣለሁ?" ትለኛለች፣ ቀኝ ዓይኔን ልትፈትን። ጭልፋም ጫማም ታነሳለች። እኔ ድሮ "ፍየል" እላት ነበር፣ እንድትሳደብ። ከሰሞኑ ክንዷ ከትከሻዋ በላይ አይወጣም። በግራ እጇ ቀኙን ደግፋ ነው የምታነሳው። ያን በደንብ አያለሁ፤ አንዷ ዓይኔ እንከን የላትም። አሁን "ጭልፋ ነው" እላታለሁ፣ በትክክል፣ ቶሎ፣ ክንዷ እንዲወርድ።

ይህን ወረቀትም ተመልከቺው። መስመሮቹ ደምቀው የተሰመሩት በእሷ እጅ ነው። አንዱ መስመር በሌላው ላይ እንዳይወጣብኝ ብላ ትናንት ተቀምጣ በማስመሪያ ሁሉንም ገጽ አሰመረችልኝ። ላንቺ እንደምጽፍ ታውቃለች። ምን እንደምጽፍ አልጠየቀችኝም። "ሰላም በልልኝ" ብቻ አለች፣ ያውም እሑድ አንድ ሰዓት ሙሉ አውርታሽ።

ከላይ ቃል ግቢልኝ ያልኩሽን ልሰርዘው ፈልጌ ነበር፤ ያሰመረችውን ማበላሸት ሆነብኝና ተውኩት። አንቺው ሰርዢው። ስትመጡ መጀመሪያ እሷ ጋ ግቡ። ሻንጣውን እሷ ጋ አውርዱ፣ ምሳውን እሷ ጋ ብሉ፣ ማታም እሷ ጋ እደሩ። እኔ አጥሩ ወዲህ ሆኜ እጠብቃለሁ፤ መጠበቅ ለምጃለሁ። እሑድም ስትደውዪ ካርድሽን በሙሉ ለእሷ ጨርሺው።

አንድ ወሬ ልጨምርልሽና ላብቃ። አንቺ ማዘጋጃ ቤት ተፈራርመሽ ስላገባሽ ሲንቄ የሚያስይዝሽ ጠፍቶ ነበር። ኡርጌ ከደንዲ ቀጥ ያለ እንጨት አስመጥታለች። ልጣ፣ አድርቃ፣ በየማታው ቅቤ እየቀባች ከበሩ ኋላ ታቆመዋለች፤ እኔ ሳላይ የምታደርግ ይመስላታል። ላንቺ ነው። እንደነገርኩሽ አትናገሪ፣ ተድላም ከአሁኑ ይጠንቀቅ። እኔ ከአሁኑ ቀንቼብሻለሁ።

ሆራ ቡላ። ውለዱ፣ ክበዱ፣ ቤታችሁ ሳቅ አይጣ። ዓይናችሁን ያብራላችሁ፣ የምታዩትንም ደግ ያድርግላችሁ።

ኤሱማሽ ፉፋ፣
የእቴቴ ኡርጌ ታናሽ ወንድም